የስደተኛን በደል ለሚዘክር ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ

በፖርትላንድ፣ ኦሬጎን፣ ሳውዝኢስት 31ኛ ጎዳና ከፓይን ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ከመንገዱ ስም ሰሌዳ በላይ ትንሽ ተጨማሪ ሰሌዳ ተሰቅላለች። የሙሉጌታ ሥራው ስም በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎባታል። ሙሉጌታ በኖቬምበር 1988 በነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ የተገደለው እዚያ ሰፈር ነው፤ ዕድሜው 28 ነበር። እንዲህ ያሉት ሰሌዳዎች የተሰቀሉት በ2018፣ በ30ኛ ሙት ዓመቱ ሲሆን የሰቀላቸውም የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ የምጀምረው ወጪው ትንሽ ሆኖ ሥራው ትልቅ ስለሆነ ነው። በኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ «መታሰቢያ እናሠራ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ወዲያው «ስንት ይፈጃል?» ይባላል፤ ከዚያ «ማን ይሰጠናል?» ይከተላል። ሁለቱም ጥያቄዎች መነሳታቸው አይቀርም፣ ነገር ግን ቀዳሚዎቹ እነሱ አይደሉም። ከታች የምዘረዝረው አካሄድ በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ በኮሚኒቲ ማኅበር ቦርድ ወይም በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ሆናችሁ በስደተኛ ማኅበረሰብ ላይ የደረሰን በደል የሚያስታውስ ነገር ለመሥራት ለምታስቡ ነው። ምሳሌዎቹን ያመጣሁት በአብዛኛው ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ካለፉት ከቻይናውያን፣ ከጃፓናውያንና ከዩክሬናውያን ተወላጆች ነው። ልምዱ ያላቸው እነሱ ናቸውና።

መጀመሪያ በዳዩን ለዩ

በደሉን የፈጸመው ማን እንደሆነ በውል ካወቃችሁ ገንዘቡን ማን መክፈል እንዳለበት ግማሹን መልስ አግኝታችኋል።

ካናዳ በ1885 ወደ አገሯ በሚገቡ ቻይናውያን ላይ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ግብር ጣለች። በ1900 ወደ 100፣ በ1903 ወደ 500 ዶላር ከፍ አደረገችው። በ1923 ደግሞ በሩን ጭራሽ ዘጋችው፤ እስከ 1947 ድረስም አልከፈተችውም። ይህ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ነው፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ የገባው መንግሥት ካዝና ነው። ስለዚህ የቻይናውያኑ ጥያቄ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት አላከራከረም። ኒውዚላንድም ከ1881 ጀምሮ ተመሳሳይ ግብር አስከፍላ ነበር። በ2002 ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያም መንግሥት 5 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ሰጥቶ የቻይናውያንን ታሪክና ቋንቋ የሚደግፍ ባለአደራ ተቋም ተመሠረተ።

ታኮማ፣ ዋሽንግተን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በኖቬምበር 3 ቀን 1885 ቻይናውያንን ከቤታቸው አውጥቶ ከከተማው ያባረረው ሕግ ሳይሆን መንጋ ነው፤ ያውም ከንቲባው ራሱ ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጥያቄው ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄደ፤ ምክር ቤቱም በ1993 የእርቅ ፓርክ እንዲሠራ ወሰነ። የፖርትላንዱ ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ በዳዮቹ ግለሰቦችና ከኋላቸው የቆመ ድርጅት ናቸው። በ1990 የፍርድ ሸንጎ በድርጅቱ መሪ በቶም ሜትዝገርና በድርጅቱ ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈርዷል፤ የተፈረደው ብዙ፣ በእጅ የገባው ግን ጥቂት። መታሰቢያውን የሰቀለው ከተማው ነው፤ ደሙ የፈሰሰው በእሱ ጎዳና ላይ ነውና።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምን ሆነ፣ የትና መቼ ሆነ፣ በየትኛው ሕግ ወይም ትእዛዝ ወይም በማን እጅ ሆነ፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ ማስረጃውስ የት ይገኛል? የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የዘመኑ ጋዜጣ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፋይል። «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እዚያ ገጽ ላይ አይግባ፤ ገንዘብ ሰጪው የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ባለታሪኮቹን ጠይቁ

ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በ2022 የተመረቀውን የዊንድረሽ ሐውልት ተመልከቱ። ከካሪቢያን መጥተው እንግሊዝን ያገለገሉ፣ ቆይተው ግን በገዛ አገራቸው እንደ ሕገወጥ የተቆጠሩ ሰዎችን የሚዘክር ነው። 1 ሚሊዮን ፓውንድ መንግሥት መደበ፤ ቀራፂውም ጃማይካዊው ባዝል ዋትሰን ነው። ገንዘብ አልጎደለም፣ ሙያም አልጎደለም። ሆኖም የዊንድረሽ ፋውንዴሽንና ሌሎችም «ማን አማከረን? ቦታውስ ብሪክስተን መሆን አልነበረበትም ወይ?» ብለው ተነሡ። በሚሊዮን የተሠራ ሐውልት በምርቃቱ ሰሞን ሙግት ሲያጅበው ማየት ለማንም አያስደስትም።

የእኛን ማኅበራት የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል በችኮላ አያልፈውም። በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ማኅበር፣ አራት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት መስጊድ ባለበት ቦታ «ኮሚኒቲውን እንወክላለን» ማለት ቀላል፣ ማረጋገጥ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሟች ካለ ከቅርብ ቤተሰቡ ጀምሩ፤ ቤተሰቡ አገር ቤት ከሆነ ደውሉ፣ ሰው ላኩ። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ የቤተሰብ ቃል አይሰጥም። ምን ሊሠራ እንደታሰበ፣ ስምና ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ገንዘብ በስሙ እንደሚሰበሰብ በአማርኛ (ቤተሰቡ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ቋንቋ) ጽፋችሁ አስፈርሙ። በሟች ስም የተከፈተ ጎፈንድሚ ቤተሰቡ ሳያውቀው ሲዞር ማየት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ኩርፊያ ግን የትኛውም ግራንት አይጠግነውም።

መታሰቢያው ከመሠራቱ በፊት የመታሰቢያው ቀን ቢለመድ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀላል። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ በ2007 የተመረቀ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረግበታል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ማኅበረሰቡ በራማት ራሔል እየተሰበሰበ ሙታኑን ያስብ ነበር። በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚሰበሰብ ሕዝብ ያለው ጥያቄ ባለቤት ያለው ጥያቄ ነው። እናንተም ከገንዘቡ በፊት ቀኑን ያዙ፤ ሻማ፣ ጸሎት፣ ሁለት ተናጋሪ፣ ቡና። ፎቶ አንሱ፣ የመጣውን ሰው ስም መዝግቡ። ያ መዝገብ በኋላ የፕሮፖዛላችሁ አባሪ ይሆናል።

ቅርጹ ዋጋውን ይወስናል

መታሰቢያ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ሐውልት ነው። ሐውልት ግን ከሁሉም ውዱና ዘገምተኛው አማራጭ ነው፤ ቦታ፣ ፈቃድ፣ መሐንዲስ፣ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። ሌሎቹን አማራጮች ሳታዩ አትወስኑ።

ካናዳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 8,579 ሰዎችን «የጠላት አገር ሰዎች» ብላ በካምፕ አጉራ ነበር፤ ከነዚህ አብዛኞቹ ዩክሬናውያን ናቸው። ልጅ ልጆቻቸው ለእስሩ መነሻ የሆነው ሕግ የወጣበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ አንድ ትልቅ ነገር አላሠሩም። በኦገስት 22 ቀን 2014 በየከተማው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ 100 የመታሰቢያ ሰሌዳዎችን በአንድ ቀን፣ በየአካባቢው ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ገለጡ። የአንዱ ሰሌዳ ዋጋ የአንድ ደብር ምእመን የሚችለው ነው፤ ጠባቂውም እዚያው ያለው ምእመን ነው። ብልሃቱን በጣም እወድደዋለሁ።

ሲያትል ያላችሁ ደግሞ በፌሪ ተሻግራችሁ ቤይንብሪጅ ደሴትን እዩ። በማርች 30 ቀን 1942 ወታደሮች 227 ጃፓናውያንና ጃፓን አሜሪካውያንን ከዚያ ወደብ በጀልባ ጭነው ወሰዷቸው፤ ከምዕራብ ጠረፍ ቀድመው የተነሱት እነሱ ናቸው። ዛሬ በቦታው ላይ ወደ ውሃው የሚወርድ የሴዳር እንጨት ግድግዳ አለ። ርዝመቱ 276 ጫማ ነው፤ የተጻፉበትም በጊዜው በደሴቱ ይኖሩ የነበሩት ሁሉ ስሞች ናቸው፣ 276፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጫማ ማለት ነው። ሕፃናቱም ጭምር ስማቸው አልቀረም። ከእንጨቱ አጠገብ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ውድ ቁስ አያስፈልግም፤ ስሙ ይበቃዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ትምህርት የስም ዝርዝሩ ነው፤ ያለ እሱ እንዲህ ያለ ንድፍ አይታሰብም፣ እሱን ለማሰባሰብ ደግሞ ከፈቃደኛ ሰው ጊዜ ሌላ ብዙ ወጪ የለም።

የታኮማው ፓርክ ያለፈበት መንገድም ይጠቅማል። በአንድ ጊዜ አልተሠራም፤ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ምዕራፍ በምዕራፍ ተገነባ። የቻይና ሥነ ሕንፃ ያለው መናፈሻ ቤቱ ደግሞ ከእኅት ከተማው ከፉጆ በስጦታ የመጣ ነው። ቁሳቁስ፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ የአርክቴክት ጊዜ፣ ይህ ሁሉ በስጦታ ሊመጣ ይችላል፤ ጥሬ ብር ብቻ አትቁጠሩ።

እኔን ብትጠይቁኝ ማንኛውም ኮሚቴ ቀዳሚ ገንዘቡን የሽማግሌዎችን ቃል ለመቅረጽ ቢያውል እመርጣለሁ። ድንጋይ ዐሥር ዓመት ይጠብቃል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን አይጠብቁም። ቀረጻ ሲታሰብ ካሜራው ትንሹ ወጪ ነው። የተቀዳውን አማርኛ ወደ ጽሑፍ መገልበጥና መተርጎም ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ ብዙ ኮሚቴ በጀት ላይ የሚረሳው ይህንን ነው፣ ከዚያም ቅጂው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ገንዘብ መቀበያ ቤት

የግል የባንክ ሒሳብ ላይ የመታሰቢያ ገንዘብ አይገባም። ዜል ቢሆንም፣ ሰብሳቢው ካህን ቢሆኑም አይገባም።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ፋውንዴሽንና የመንግሥት ቢሮ የሚሰጠው በ501 ሲ 3 ለተመዘገበ፣ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ነው። ኮሚቴያችሁ አዲስ ከሆነ ለራሱ ፈቃድ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ፈቃዱ ያለው የኮሚኒቲ ማኅበር፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የታሪክ ማኅበር ፊስካል ስፖንሰር ሊሆናችሁ ይችላል። ገንዘቡን በእናንተ ስም ይቀበላል፣ ሒሳቡን ይይዛል፣ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ገንዘቡ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚለቀቅላችሁና የተሠራው ሥራ፣ ማለትም ቀረጻው፣ ንድፉና ጽሑፉ፣ የማን እንደሆነ። ለፌዴራል ገንዘብ የምታመለክቱ ከሆነ በመንግሥቱ ሳም በሚባለው መመዝገቢያ ላይ ስማችሁ ሊኖር ይገባል። ምዝገባው ነጻ ነው፤ ግን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የማመልከቻው ቀን ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። «በክፍያ እናስመዘግባችኋለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት።

የራስ ድርሻ

እድርና እቁብ ያሳደገው ሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ አያቅተውም። የሚያቅተን ደረሰኝ መያዝ ነው። እራት ተዘጋጅቶ፣ ሥዕል ለጨረታ ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ሞቅ ብሎት እጁን አውጥቶ ቃል ገብቶ ይሄዳል፤ ከወር በኋላ ቃል የተገባውና የገባው ገንዘብ አይገናኙም። ስለዚህ ቃል ኪዳን በወረቀት ይፈረም፣ የሚከፈልበት ቀን ይጻፍበት፣ ለከፈለ ሰው በሳምንቱ ደረሰኝ ይድረሰው። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ባልና ሚስትም አይሁኑ።

የራስ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። በአሜሪካ የጃፓን አሜሪካውያን የእስር ቦታዎች ግራንት በ2006 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን በዚያን ጊዜ እስከ 38 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶለት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያስተዳድረዋል። ደንቡ ሁለት ለአንድ ነው፦ ፌዴራል መንግሥት ሁለት ዶላር የሚሰጠው አመልካቹ ከሌላ ምንጭ አንድ ዶላር ካመጣ ነው። ይህ ግራንት ለዚያ ታሪክ ብቻ የተመደበ ነው፤ አሠራሩ ግን በብዙ ቦታ የምታገኙት ዓይነት ነው።

በምሳሌ ላሳይ። ሥራችሁ በጠቅላላ 60,000 ዶላር የሚፈጅ ቢሆን በዚህ ደንብ 40,000 ከመንግሥት፣ 20,000 ከእናንተ ይሆናል። 20,000 ዶላር በጥሬው ማምጣት ለአንድ ትንሽ ማኅበር ከባድ ነው። ግን ተርጓሚዋ በነጻ የሠራችበት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ኪራይ የሰጠው አዳራሽ፣ አርክቴክቱ የለገሰው ንድፍ፣ ሁሉም ተገቢ ዋጋው ተሰልቶ እንደ ድርሻ ሊቆጠር ይችላል። 12,000ው በዚህ ከተሸፈነ የሚቀራችሁ ጥሬ ገንዘብ 8,000 ነው። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ መዝገብ። የፈቃደኛው ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ ፊርማ፤ በየሳምንቱ ይሞላ። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ ቅጽ ለኦዲተር አይበጅም።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ ብዙ የመንግሥት ግራንት ገንዘቡን አስቀድሞ አለመስጠቱ ነው። እናንተ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ እሱ ይተካል። ማሸነፋችሁን ሰምታችሁ በደስታ የሠራተኛ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሁለት ሦስት ወር ወጪ የሚችል ጥሬ ገንዘብ ባንክ ውስጥ መኖሩን እዩ።

የውጭ ምንጮች

ከቅርቡ ጀምሩ፦ የከተማችሁ የባህልና የጥበብ ቢሮ፣ የሰፈር ማኅበር፣ የካውንቲው ታሪክ ማኅበር፣ የምክር ቤት አባላችሁ ጽሕፈት ቤት። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ወረቀቱም ትንሽ ነው፤ ትልቁ ሰጪ ደግሞ «ከዚህ በፊት ማን አምኗችሁ ሰጠ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይሆናችኋል። አሜሪካ ውስጥ በየክፍለ ግዛቱ የሂዩማኒቲስ ምክር ቤት አለ፤ ለቃል ታሪክ፣ ለዐውደ ርእይና ለውይይት መድረክ ትናንሽ ድጋፎች በመስጠት የታወቁ ናቸው። ሆኖም በ2025 የጸደይ ወራት የፌዴራሉ የሂዩማኒቲስ ተቋም የፈረማቸውን ግራንቶች በብዛት ሲሰርዝ እነዚህ ምክር ቤቶች ክፉኛ ተመትተዋል፤ ሜለን ፋውንዴሽን 15 ሚሊዮን ዶላር የድንገተኛ ድጋፍ እስከመስጠት ደርሷል። ስለዚህ የተፈረመም ቢሆን በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ሜለን ራሱ በ2020 ለመታሰቢያዎች ሥራ 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በ2023 ወደ 500 ሚሊዮን አሳድጓል፤ ለጀማሪ ኮሚቴ በቀጥታ የሚደረስበት ግን አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ፣ ከሙዚየም ወይም ከከተማ ጋር ተጣምሮ መቅረብ ይሻላል።

ካናዳ ያላችሁ የሌጋሲ ፈንድ የሚባለውን ትሰሙ ይሆናል። እስከ ግማሽ ወጪ፣ እስከ 500,000 ዶላር ይሰጣል። ማራኪ ነው፤ ግን የሚያግዘው 100ኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነና በ25 ዓመት ልዩነት የሚቆጠር ክብረ በዓልን ነው፤ 100፣ 125፣ 150። በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ለመጣ ማኅበረሰብ ይህ በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቀደምት ማኅበረሰብ ጋር በጋራ ካልሆነ። እንግሊዝ ውስጥ የናሽናል ሎተሪ ሄሪቴጅ ፈንድ ከ10,000 ፓውንድ ጀምሮ ይሰጣል፤ የመታሰቢያ ድንጋይ ከማቆም ይልቅ ሰዎች ቅርሳቸውን ራሳቸው የሚሰበስቡበትን ሥራ ይወድዳል። የትኛውንም ምንጭ ስታዩ መጀመሪያ ማንበብ ያለባችሁ የማይሰጥበትን ዝርዝር ነው፤ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ፕሮፖዛሉን የሚያነበው ሰው

ብዙ ማመልከቻ ተራ በተራ የሚያነብ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው በጀቱን ነው ብላችሁ ጻፉ። እኛ ግን ሦስቱን ገጽ ለበደሉ ታሪክ እናውልና ለበጀቱ አምስት መስመር እንተዋለን። ገልብጡት። ታሪኩን በአንድ ገጽ፣ ስሜቱን ለማስረጃው ትታችሁ ጻፉ፤ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ከዐሥር «እጅግ አሳዛኝ» ይበልጣል። ቀጥሎ ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚጠቀም።

በጀቱ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር አይኑር። ንድፍ፣ ፈቃድና የመሐንዲስ ፊርማ፣ ቁስ፣ ተከላ፣ ኢንሹራንስ፣ ቀረጻ፣ ግልባጭ፣ ትርጉም፣ ለሽማግሌዎቹ መጓጓዣና አበል፣ ምርቃት፣ ኦዲት፣ ከ10 በመቶ ያላነሰ መጠባበቂያ፤ እያንዳንዱ ከዋጋ ማስረጃ ጋር። የአማርኛ ጽሑፍ በብረት ወይም በድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ከሆነ ከመቀረጹ በፊት አማርኛ በደንብ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ናሙናውን አይተው የሚፈርሙበትን ቀን በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ፊደላችንን የማያውቅ ማሽን «ሰ»ን «ስ» አድርጎ ወይም ፊደሎቹን ባዶ ሳጥን አድርጎ ሊያወጣ ይችላል፤ ነሐስ ደግሞ በላጲስ አይጠፋም።

ገንዘቡ ይዞት የሚመጣው ቃል

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዳዩ ራሱ ገንዘብ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ እንዲዘጋለት ይፈልጋል።

በ2005 መጨረሻ ላይ የካናዳ መንግሥት ለቻይናውያን የግብሩ መታሰቢያ ሥራ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ከአንድ የማኅበራት ጉባኤ ጋር ተስማማ። ስምምነቱ ውስጥ ግን ይቅርታም ካሳም አይጠየቅም የሚል ነጥብ ነበረበት። ግብሩን ከፍለው ገና በሕይወት ያሉ አዛውንትና ልጆቻቸው ተቆጡ፤ ሌሎች ማኅበራትም «በማን ስም ፈረማችሁ?» አሉ፤ ጉዳዩ የምርጫ ክርክር ሆነ። ስምምነቱ ፈረሰ። ከወራት በኋላ፣ በጁን 22 ቀን 2006፣ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ፤ በሕይወት ላሉ ከፋዮችና ለሟቾቹ ባለትዳሮች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ተሰጠ፤ ለማኅበረሰብ ሥራዎችም ፕሮግራም ተከፈተ። የመጀመሪያውን ቼክ እምቢ ያሉት ሰዎች ባይኖሩ ሁለተኛው አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ማንኛውንም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ወደፊት መክሰስን ወይም ካሳ መጠየቅን የሚከለክል ሐረግ አለ ወይ? በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ቃል የመጨረሻ የሚያጸድቀው ማን ነው? በደሉ በስሙ ይጠራል ወይስ «አሳዛኝ ክስተት» ተብሎ ይታለፋል? መንገድ ላይ ተደብድቦ የተገደለ ሰው «ሕይወቱ አለፈ» ተብሎ እንዲጻፍ ከተፈለገ ገንዘቡ ውድ ሆኗል። የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ በየከተማው በነጻ የሚያግዙ የጠበቆች ማኅበራት አሉ፤ ከኮሚኒቲያችን ልጆች መካከልም ጠበቃ አይጠፋም። በጀታችሁ ውስጥ የራሳችሁ ድርሻ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ባለው ክርክር ላይ ድምፃችሁ ይከብዳል፤ የራስ ድርሻን ጉዳይ ቀደም ሲል ያስረዘምኩት ለዚህ ነው።

አከፋፈሉንም ተደራደሩበት። ከ2006ቱ ይቅርታ ጋር የታወጀው የካናዳ ፕሮግራም ገንዘቡን በየሥራው አከፋፍሎ በ2013 ተዘጋ። ዩክሬናውያኑ ግን በ2008 የተሰጠውን 10 ሚሊዮን ዶላር በሼቭቼንኮ ፋውንዴሽን ሥር ዋናው እንዳይነካ፣ ትርፉ ብቻ እንዲወጣ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ ለመጽሐፍ፣ ለፊልም፣ ለትምህርት ሥራ ድጋፍ ሲወጣ ቆይቷል። ትልቅ ገንዘብ የሚያስገኝ ድርድር ላይ ከደረሳችሁ የሁለተኛውን መንገድ ምረጡ።

ከምርቃት በኋላ ያለው ሒሳብ

በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው በሴንት ሉዊስ መርከብ የተሳፈሩ ከ900 በላይ አይሁድን ኩባ፣ አሜሪካና ካናዳ አንቀበልም ብለው መልሰዋቸዋል። ለዚህ መታሰቢያ ካናዳ ውስጥ በሃሊፋክስ ወደብ ላይ በሚገኘው የስደተኞች ሙዚየም በ2011 አንድ የብረት መንኮራኩር ተቀመጠ። ንድፉ የታዋቂው አርክቴክት የዳንኤል ሊበስኪንድ ነው፤ እርስ በርስ የሚዞሩ ጥርሳም ጎማዎች ጥላቻ፣ ዘረኝነት፣ የባዕድ ፍርሃትና ፀረ አይሁድነት የሚሉ ቃላት ተጽፈውባቸዋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ይበላሻል፤ መንኮራኩሩም ለጥገና ቶሮንቶ ወዳሉ ሠሪዎቹ መላክ ነበረበት። ያሠራው የካናዳ አይሁድ ኮንግረስ ደግሞ በዚያው በ2011 ሥራውን አቁሞ ወደ ሌላ ድርጅት ተጠቃልሏል።

መታሰቢያውን ያሠራው ማኅበር ሲፈርስ ወይም ሲከፈል ዕቃው የማን ነው? የእኛ ማኅበራት ስንት ጊዜ እንደተከፈሉ ለምታውቁ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ገና ቦታው ሳይቆፈር ከመሬቱ ባለቤት ጋር፣ ከተማም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ የጽሑፍ ስምምነት ይኑር፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ማን ያጸዳል፣ ቢሰበር ወይም ሰው ቀለም ቢረጭበት ማን ከፍሎ በስንት ቀን ያስተካክላል፣ መሬቱ ቢሸጥ ወዴት ይዛወራል። ቀለም የመርጨቱን ነገር የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥላቻን የሚዘክር ነገር ጥላቻ ያለውን ሰው ይስባል።

ከሰበሰባችሁት ላይ ለጥገና የሚሆን ድርሻ ምርቃቱ ሳይደርስ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ፤ ለምርቃት እራት እንዳይበላ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የቀረጻው፣ የስም ዝርዝሩና የውሎቹ ቅጂ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ማኅበሩ ዘንድ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ቤተሰቡ ዘንድ። ለገንዘብ ሰጪዎቹ የመጨረሻው ሪፖርት ቀኑ ሳያልፍ ይግባ፤ የተረፈ ገንዘብ ካለ በውሉ መሠረት ይመለስ ወይም ሌላ ሥራ ላይ እንዲውል በጽሑፍ ይጠየቅ። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ስሙን ያዙ፤ ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ፈቃደኛ አይገኝም።